ራስን የማጥፋት ስጋት ግምገማ፦ ሣጥኑ ላይ ምልክት ካደረግን በኋላስ? (ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ነርሶች)

ጀማሪ_ሳይካትሪ (ደሴ)

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። በድንገተኛ ክፍል ለሚመጡትም ሆነ ተኝተው ለሚታከሙት ራስን የማጥፋት ስጋትን እንዴት እንደምትገመግሙ በዝርዝር ብትጽፉልኝ። የምንሞላው ቅጽ መጨረሻው ላይ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» የሚል ሣጥን አለው። ለርክክብ ይመቻል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም።

አጥብቄ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ጥያቄው በአማርኛ እንዴት ይጠየቃል፣ በተለይ ለትልቅ ሰውና ለሃይማኖተኛ? በሌሊት ተራ አንድ ወይም ሁለት ነርስ ብቻ ባለበት ክትትሉ እንዴት ይሠራል? ታካሚው ወደ ወረባቦ ወይም ወደ ለጋምቦ ከተመለሰ በኋላስ ማን ይይዘዋል?

አወያይ

ክሩ ክፍት ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የመርዝም ሆነ የመድኃኒት ስም «ይህን ያህል ይገድላል» ከሚል መጠን ጋር አይጻፍ፤ መንገዶችንም ለጥንቃቄ ከሚያስፈልገው በላይ አትዘርዝሩ። ይህን ገጽ የሚያነበው ባለሙያ ብቻ አይደለም።

መኖር ከብዶዎት ይህን እያነበቡ ከሆነ ደግሞ ብቻዎን አይቆዩ። ለሚያምኑት አንድ ሰው አሁኑኑ ይንገሩ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብሮዎት እንዲሄድ ይጠይቁት። ሌሊትም ቢሆን ተረኛ አለ። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል።

ሲስተር_ሆጤ

ከጥያቄው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

ቦታው ይቅደም። ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ እናቱ ከጎኑ እያለች የተጠየቀ ሰው «የለም» ነው የሚለው። አስታማሚውን «ለአሥራ አምስት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን፤ ቀጥሎ እርስዎንም ለብቻ አነጋግራለሁ» ብላችሁ አስወጡ። ሁለቱንም ለየብቻ ማነጋገር የግድ ነው። ታካሚው የደበቀውን ቤተሰቡ አይቶታል፤ ቤተሰቡ ያፈረበትን ደግሞ ታካሚው ይናገረዋል። ከመጠየቃችሁ በፊት የምስጢሩን ወሰን አስረዱ፦ «የምትነግረኝ በእኔና በሕክምና ቡድኑ መካከል ይቀራል። ሕይወትህን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ግን አንተን ለመጠበቅ ለሚያስፈልገው ሰው እናገራለሁ፤ ከመናገሬ በፊትም አሳውቅሃለሁ።» ይህ ከኋላ ከመጣ እንደ ክህደት ይቆጠራል፤ ቀጣዩንም ጥያቄ አይመልስላችሁም።

ቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ አይተክልም። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሥልጠና ለሌላቸው የጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው ኤምኤችጋፕ የተባለው መመሪያም ይህንኑ በግልጽ ይላል፤ እንዲያውም መጠየቁ ጭንቀቱን ያቀለዋል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

«ከዚህ ሁሉ ጭንቅ የተነሳ ‹ምነው ተኝቼ በቀረሁ› የሚል ስሜት ይመጣብሃል?»
«ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህስ ታውቃለህ?»
አዎ ካለ፦ «እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል?» ቀጥሎ «ላድርገው ብለህ ቆርጠሃል፣ ወይስ ሐሳቡ መጥቶ ይሄዳል?» ቀጥሎ «መቼና የት እንደሆነ ማሰብ ጀምረሃል? ያዘጋጀኸው ነገር አለ?»
በመጨረሻ፦ «ከዚህ በፊት ራስህን ለማጥፋት ሞክረህ፣ ወይም ልትሞክር ተነስተህ ታውቃለህ? ባለፉት ሦስት ወራትስ?»

የኮሎምቢያ መጠይቅ የሚባለው በዚህ መልክ ነው የሚሄደው፤ ስድስት ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው። ታካሚው «አላሰብኩም» ሲል ቻርቱ ይዘጋል። ሁለተኛው «የለም» ከሆነ የሚዘለለው ወደ ስድስተኛው ነው እንጂ ጥያቄው አያልቅም። ከሳምንት በፊት ሞክሮ ዛሬ «ተጸጽቻለሁ፣ አላስብም» የሚል ሰው የሚገኘው በስድስተኛው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቀድሞ መሞከር ደግሞ ከምናውቃቸው የስጋት ምልክቶች ሁሉ ከባዱ ነው።

ለትልቅ ሰው መንገዱን ጠርጋችሁ ግቡ፦ «አባባ፣ እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው አንዳንዴ ሞቱን ይመኛል፤ ራሱን ላጥፋም ሊል ይችላል። እርስዎስ ዘንድ ይህ ሐሳብ መጥቷል?» ሃይማኖተኛ የሆኑት «አስተግፊሩላህ፣ ይህንስ አላህ አይወደውም» ወይም «ነፍሴን ለሲኦል?» ይሏችኋል። ይህ መልስ አይደለም፤ ሐሳቡን የሚይዝላቸው ነገር ነው፤ ደግ ነገር ነውና ጻፉት፤ ከዚያ ቀጥሉ፦ «እምነትዎ እንደያዘዎት ገባኝ። ሐሳቡስ ግን መጥቶ ያስጨንቅዎታል?» ስንት ሰው እዚህ ላይ ነው እንባው የሚመጣው።

ፈጽሞ የማይጠየቀው ደግሞ ይህ ነው፦ «እንዲህ ያለ መጥፎ ነገር አታስቢም አይደል?» የምትፈልጉትን መልስ በአፏ እያስገባችሁ ነው።

መምህር_ሳይክ

ሲስተር ያለችው ላይ የምጨምረው ስለ ሣጥኑ ነው። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ራስን የመጉዳት መመሪያ፣ የስጋት መለኪያዎችንም ሆነ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» የሚለውን ምደባ ወደፊት ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ፣ ወይም ማን ይታከም ማን ወደ ቤቱ ይሂድ ለማለት አትጠቀሙ ይላል። ለምን እንደሆነ በሂሳብ እናሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። ከ1,000 ታካሚዎች 5ቱ ራሳቸውን የሚያጠፉ ይሁኑ። መለኪያችን ጎበዝ ሆኖ ከ5ቱ 4ቱን ይያዝ፤ ከቀሩት 995 ሰዎች ደግሞ 20 በመቶውን በስህተት «ከፍተኛ» ይበል። ያ 199 ሰው ነው። «ከፍተኛ» ከተባሉት 203 ሰዎች ውስጥ 4ቱ ብቻ ትክክል፣ «ዝቅተኛ» ተብሎ ከተሸኘው ውስጥ ደግሞ አንዱ የሚሞት ይሆናል። መለኪያው ጎበዝ ሆኖ እንኳ ይህ ነው ውጤቱ።

ስለዚህ መጠይቁን የምንወደው ጥያቄ እንዳንዘነጋ ስለሚያደርገን ነው፤ ድምሩ ግን ውሳኔ አይሰጥም። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድባቴ መጠይቅም ያው ነው። ከ27 ነጥብ ድምሩ ዝቅ ያለ ሰው ስለ ሞት ሐሳብ በሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ 1 ካለ፣ ድምሩ ቀርቶ ያ አንድ ነጥብ ነው የሚከተሉት።

በሣጥኑ ፋንታ ቻርት ላይ መጻፍ ያለበት ሁኔታው ነው። ለናሙና ያህል፦

«ዕድሜ 24፤ ድባቴ፣ ሦስተኛ ሳምንቱ። ሞትን ይመኛል። ራሱን ስለ ማጥፋት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ያስባል፣ በብዛት ሌሊት። መንገድ አስቧል፤ ዕቃውም ቤቱ አለ። ዛሬ አልቆረጠም፤ ምክንያቱ እናቱና ታናሽ እህቱ። አምና አንድ ጊዜ ሞክሯል፤ ያገኘው ጎረቤት ነው። የሚያባብስበት፦ ከሥራ መሰናበቱ ከጸና፣ አረቄ ከቀመሰ፣ ብቻውን ካደረ። የሚያረጋጋው፦ አጎቱ አብሮት ካደረ። ዕርምጃ፦ አጎቱ ዛሬ ዕቃውን ከቤት ያወጣል፤ መድኃኒት ለ7 ቀን ብቻ፤ በሦስተኛው ቀን ስልክ፤ በሰባተኛው ቀን ቀጠሮ።»

ይህን ያነበበ ተረኛ ምን መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። «መካከለኛ» የሚለውን ያነበበ ምንም አያውቅም።

ተረኛ_ሐኪም

መምህር፣ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደውላችሁ አንቀጽ ብታነቡልኝ አልጋ አላገኝም። አንድ አልጋ ብቻ ሲቀር ለማን ልስጥ? ደረጃ የሚባል ነገር ከጠፋ ሁሉም እኩል ይሆናል። ጀማሪ ነርስም «ከፍተኛ» ብላ ካልጻፈች ማንም አይሰማትም።

መምህር_ሳይክ

ሐኪም፣ ይህ ትክክለኛ ጭንቀት ነው። ደረጃው ለሚደረገው ነገር ይሰጥ፤ ለሰውየው አይሰጥ። «ዛሬ ሌሊት ከዓይን የማይለይ»፣ «በየ15 ደቂቃው የሚታይ»፣ «ቤቱ ሆኖ በ3 ቀን የሚደወልለት» ብለን ብንጽፍ አልጋውም ይወሰናል፣ ነርሷም ትሰማለች። ለአልጋው መለያ የሚሆኑት ደግሞ ግልጽ ናቸው፦ የቆረጠና ያቀደ፣ ዕቃው በእጁ ያለ፣ ሞክሮ አሁንም የሚጸጸተው ባለመሞቱ የሆነ፣ «ግደል፣ ሙት» የሚል ድምፅ የሚያዝዘው፣ አብሮት የሚያድር ሰው የሌለው። ልብ በሉ፣ የመጨረሻው የሕመም ምልክት አይደለም፤ ውሳኔውን ግን ይገለብጠዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶች ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ አብራት የምትኖረው የሌሊት ፈረቃ ከገባች ታካሚዋ ብቻዋን ናት። «ከሰው ጋር ነው የምትኖሪው?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ሌሊት ማን አብሮሽ ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ድንገተኛ_ክፍል

ስለ ሐሳቡ ብዙ ተባለ፤ ሞክሮ ስለመጣው ልጨምር።

የተባይ ማጥፊያ ጠጥቶ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የአተነፋፈስ ታካሚ ነው። ማስታወክ፣ ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል የለም፤ ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ ችግር ይወልዳል። ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በግራ ጎኑ አስተኙ፣ የመርዙን ጠርሙስ ወይም ከረጢት ቤተሰቡ እንዲያመጣ ላኩ። መርዙ ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ዓይነት ከሆነ ማርከሻው አትሮፒን እየተደጋገመ የሚሰጠው ሳንባው እስኪጠራና የልብ ምቱ እስኪስተካከል ነው፤ የዓይን ብሌኑን እያዩ መወሰን ያሳስታል።

ለሳይካትሪ ነርሶች ይህን አስምሩበት፦ በዚህ መርዝ የተመረዘ ሰው ነቅቶ፣ ተናግሮ፣ በልቶ ሊታይ ይችላል፤ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሊዝሉ ይችላሉ። «አሁን ደህና ነው፣ የእናንተ ታካሚ ነው» ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ከተላከ፣ ኦክስጅን በሌለበት ክፍል ትንፋሹ ይቆማል። ሲረከቡት ቀላሉን ፈተና አድርጉ፦ በጀርባው ተኝቶ ራሱን ከትራሱ ያንሳ። ማንሳት ካቃተው አትረከቡ፤ ሐኪሙን ጥሩ። እናንተ ወደ እሱ ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ግምገማው አልጋው ያለበት ድረስ ይመጣል።

ሌላም አለ፤ ሲታይ ያሳዝናል። «ለማስፈራራት ነው»፣ «ትኩረት ፈልጋ ነው» እያሉ ቱቦ እንደ ቅጣት ማስገባት፣ ወይም በሰው ፊት መገሰጽ። ይህን የተቀበለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲከብደው ወደ እኛ አይመጣም። የሞከረውን ሰው ሕጉም ወንጀለኛ አይለውም፤ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 542 የሚጠየቀው ሌላውን ለዚህ ያነሳሳ ወይም የረዳ ነው። ቤተሰብ ፖሊስን ፈርቶ «በስህተት ነው የጠጣችው» ሲል ይህን አስረዱት፤ እውነተኛውን ታሪክ ያኔ ታገኛላችሁ።

የሌሊት_ተራ

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፣ እህት። የነርስ ቁጥር ባይጨምርም የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

በየ15 ደቂቃው እናያለን ሲባል በሰዓቱ በሩብ በሩብ ከሆነ ታካሚው ሰዓቱን ያውቀዋል። በ8፣ በ14፣ በ11 ደቂቃ እያዛባችሁ እዩ፤ ከ15 አይለፍ እንጂ። «አየሁት» ማለት ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ማየት ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ቅርጽ ማየት አይደለም። የደሴ ብርድ ሁሉንም እስከ ራሱ ያከናንባል፤ ስለዚህ ሲገቡ «ፊትህ ይታየኝ» ብሎ መንገር ነው። ከዓይን የማይለይ የተባለ ታካሚ መጸዳጃ ቤት ሲሄድም አይለይም፤ በሩ አይቆለፍም። እዚህ ላይ የሚያፍረው ነርሱ ነው፤ ታካሚው ምክንያቱ ከተነገረው በአብዛኛው ይቀበለዋል።

አልጋው ከነርስ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ከመስኮትና ከመታጠቢያ ቤት ራቅ ይበል። ሲገባ ዕቃው ታካሚው ባለበት ይፈተሽ፤ ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ ስለት፣ ከቤት የመጣ መድኃኒት በዝርዝር ተመዝግቦ ይቀመጥ። ፍተሻው ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይደገማል፤ የምሳ ሳህን ውስጥ ቢላ የሚገባው በክፋት ሳይሆን ብርቱካን ለመላጥ ነው።

አስታማሚ የእኛ አገር ዋርድ ትልቅ አቅም ነው። ግን «ጠብቁት» ብሎ መተው አይበቃም። ስንት ሰዓት ነቅቶ ያድራል? ማን ይተካዋል? ለሶላት ወይም ለቅዳሴ ሲሄድ ለማን ይነግራል? ምን ሲያይ ይጠራል? ይህን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ማንበብ ካልቻለ እንዲደግምላችሁ ጠይቃችሁ አስረክቡት። ከተማ ውስጥ እየሮጠ መድኃኒት የሚገዛና ደም የሚያስመረምር አስታማሚ ጠባቂ ሊሆን አይችልም፤ ሁለተኛ ሰው ይምጣ። ኃላፊነቱ ደግሞ የነርሱ ሆኖ ይቀራል፤ አስታማሚው ቢተኛ «እሱ ነው ያጠፋው» አይባልም።

አደጋው የሚበዛባቸው ሰዓቶች ይታወቃሉ፦ የገባበት የመጀመሪያ ሳምንት፣ የተራ መቀያየሪያ፣ የምግብ ሰዓት፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ መጥፎ ወሬ ከቤት የመጣ ዕለት። ርክክብን ሁለቱ ተረኞች አልጋ አልጋውን እየዞሩ ያድርጉት፤ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም አቀርቅረው ሲጽፉ ዋርዱን የሚያይ የለም።

ሁለት የሚያታልሉ ነገሮች ልንገርሽ። በከባድ ድባቴ የነበረ ሰው ባንድ ሌሊት ረጋ ብሎ፣ ዕቃውን ለሰው እያደለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ካገኘሽው «ተሻለው» ብለሽ ክትትሉን አታላዪ፤ መልሰሽ ጠይቂው። ሁለተኛው አካቲዢያ ነው፤ መድኃኒት የሚያመጣው እረፍት ማጣት ማለት ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ወይም ፍሉፌናዚን ያለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው መቀመጥ ሲያቅተው፣ እግሩን እያፈራረቀ ሲረግጥ፣ «ቆዳዬን ልግፈፈው» ሲል ሕመሙ ተነሳ ተብሎ መድኃኒቱ ይጨመርለታል፤ ይብስበታል። ይህ ስሜት ራሱ ሰውን ወደ ሞት ይገፋል። «እረፍት የነሳህ ሐሳብህ ነው ወይስ እግርህ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሐኪሙ መጠኑን እንዲቀንስ ወይም ፕሮፕራኖሎል እንዲያይለት ያን ሌሊት ደውዪ።

ፋርማሲ_ኮምቦልቻ

ከመድኃኒት በኩል አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። ታካሚው ከሩቅ ስለመጣ ታዝኖለት የሦስት ወር መድኃኒት ይጻፍለታል። ለደም ግፊት ይሁን። ራሱን ስለ ማጥፋት ለሚያስብ ሰው ግን ማከሚያውን ራሱ አደገኛ አድርገን ሰጠነው ማለት ነው። ከፀረ-ድባቴዎቹ አሚትሪፕቲሊን ከመጠን ሲያልፍ ልብን ይጎዳል፤ ፍሉኦክሴቲን በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ምርጫው ካለ ለሐኪሙ አስታውሱት። ፌኖባርቢታልም አብሮ ይታሰብ፤ የሚጥል በሽታ ታካሚዎቻችን ለዓመታት ቤታቸው ያከማቹታል፤ ድባቴም የሚበዛባቸው እነሱው ናቸው፤ «ስለ መድኃኒቱ» ብቻ ነው የምንጠይቃቸው።

የሚሠራው ይህ ነው፦ ለ7 ቀን፣ ቢበዛ ለ14 ቀን ይሰጥ። መድኃኒቱን የሚረከበው ሰው ስሙ ማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ ቤት ደርሶም እሱ ጋ ይቀመጥ። ሲመለስ ባዶውን ብሊስተር ያምጣ። ርቀቱ ችግር ከሆነ የቀረውን በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ በየሳምንቱ ይስጠው። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ፀረ-ድባቴ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሐሳቡ ሊብስበት እንደሚችል ለቤተሰቡ ይነገር፤ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብለው ዝም ብለው እንዳያቆሙት፣ እንዲደውሉ።

ጀማሪ_ሳይካትሪ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግልጽ አድርጉልኝ፦ ታካሚው ሊወጣ ሲል ቤተሰቡ ፊት ቃል እንዲገባ፣ በማርያም ወይም በወላሂ እንዲምል ይደረጋል። ይህ ይጠቅማል?

ሲስተር_ሆጤ

አይጠቅምም፤ ባይደረግ ነው የሚሻለው። «አላደርገውም» ብሎ መፈረም ሞትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። መሐላ ደግሞ ይጎዳል። የማለ ሰው ሐሳቡ ሲመለስበት መሐላውን ላለማፍረስ ሲል ይደብቃችኋል፤ በላዩ ላይ ኃጢአተኛነት ይጨመርበታል። ነርሱ ብቻ ነው ደህና እንቅልፍ የሚተኛው።

በመሐላ ፋንታ የደኅንነት ዕቅድ ይሠራል። ስታንሊና ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ነው፤ ስድስት ደረጃ አለው፤ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናታቸው ዕቅዱን ሠርተው በስልክ የተከታተሏቸው ታካሚዎች በስድስት ወር ውስጥ የመሞከር ነገር በ45 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ስልኩንም ዕቅዱንም አንድ ላይ ያደረጉ መሆናቸውን አትርሱ።

መጀመሪያ የሚጻፈው የራሱ ምልክት ነው፦ ከመክፋቱ በፊት ምን ይቀድማል? «እንቅልፍ ሲያጣኝ»፣ «ከሰው ፊት መብላት ሲያስጠላኝ»። በራሱ አፍ ይሁን፤ «የስሜት መዋዠቅ» ብላችሁ አትጻፉለት። ሁለተኛ ብቻውን ሆኖ የሚያደርገው፦ ውዱእ ማድረግ፣ መዝሙረ ዳዊት መድገም፣ እስከ ፒያሳ በእግሩ መውጣት። ሦስተኛ ጭንቀቱን ሳይናገር እንኳ የሚያረሳሳው ሰውና ቦታ፦ የጎረቤት ቡና፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) የሚደረግበት ቤት፣ የሰንበት ማኅበር። ጫትና አረቄ ያለበትን ስፍራ እዚህ ውስጥ አታስገቡ። አራተኛ «ከብዶኛል» ብሎ የሚነግረው ሰው፤ ስም ከነስልክ ቁጥሩ፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ሰው ፈቃደኛ መሆኑን ታካሚው እዚያው ደውሎ ይጠይቅ። አምስተኛ የጤና ተቋሙና የተረኛው ስልክ። ስድስተኛ ቤቱን ማጽዳት፦ ያሰበበት ዕቃ ዛሬ ማን፣ ወዴት ያወጣዋል?

አንድ ደረጃ ላይ «የለኝም» ካለ የምታውቁትን ስም አትሙሉለት፤ ባዶው ራሱ መረጃ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በስልኩ በራሱ ድምፅ ይቅዳው። ጸበል ሊሄድ ከሆነ አትከልክሉት፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ከሚጠብቀው ሰው ጋር፣ ሳይታሰር ይሂድ፤ ይህንንም ዕቅዱ ላይ ጻፉት።

ጤና_ኤክስቴንሽን (ተሁለደሬ)

ስድስተኛው ደረጃ ገጠር ላይ ከባድ ነው። የእህልና የአትክልት መድኃኒት (የተባይ ማጥፊያው) አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ለገበሬ ንብረቱ ነው። «ጣሉት» ብንል አይጣልም። «ቆልፉበት» ማለትም ብቻውን አያስተማምንም፤ በስሪላንካ 180 የገጠር መንደሮች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ሙከራ ለየቤቱ የሚቆለፍ ሣጥን መስጠት መመረዙን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ቁልፉ ያው ከቤተሰቡ እጅ አይወጣማ። በዚያው አገር ራስን በማጥፋት የሚደርሰውን ሞት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በ70 በመቶ ገደማ የቀነሰው እጅግ አደገኛ የሆኑት ኬሚካሎች ከገበያ መውጣታቸው ነው፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው።

እኛ ጋ ሊሠራ የሚችለው ከቤቱ ጨርሶ ማውጣት ነው፤ ለአጎት፣ ለጎረቤት፣ ለቅሬው (ለዕድሩ) ዳኛ፤ የሚረጭበት ቀን ሲደርስ የሚረጨው ሌላ ሰው ይሁን። ቤተሰቡ ምክንያቱን መናገር ካፈረ «ልጆች እንዳይነኩት» ማለት ይበቃል፤ የሰውየውን ምስጢር ለመንደር ማውጣት አያስፈልግም። ሲገዙም ለወቅቱ የሚበቃውን ብቻ ይግዙ፤ በለስላሳ ጠርሙስ አይገልብጡት።

መምህር_ሳይክ

ሦስተኛው ጥያቄሽ ላይ ደረስን። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንትና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሁሉም ጊዜ አደገኛ ናቸው፤ እኛ ግን «ከወር በኋላ ተመለስ» ነው የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በህንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ድንገተኛ ክፍሎች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የመጡ 1,867 ሰዎች ላይ አንድ ቀላል ነገር ሞክሮ ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከመውጣታቸው በፊት የአንድ ሰዓት ምክር፣ ከዚያ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በቤት ጉብኝት መጠየቅ፤ በ1ኛው፣ 2ኛው፣ 4ኛው፣ 7ኛውና 11ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ4ኛው፣ 6ኛው፣ 12ኛውና 18ኛው ወር። በ18 ወር ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉት ከተጠየቁት 0.2 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 2.2 በመቶ ነበሩ። አዲስ መድኃኒት የለበትም፤ የጠየቀው ነርስና የስልክ ካርድ ነው።

እኛ ጋ ደብተር ይከፈት፦ ስም፣ ሁለት ስልክ (የራሱና ዕቅዱ ላይ ያለው ሰው)፣ የወጣበት ቀን፣ ዘጠኙ ቀኖች አስቀድመው ተሰልተው። መጀመሪያው ሳምንት እስኪደርስ ሳይጠበቅ በሦስተኛው ቀን አንድ ይጨመርበት። ደብተሩ የተረኛ ይሁን እንጂ የአንዲት ነርስ አይሁን፤ እሷ ዓመት ፈቃድ ስትወጣ ክትትሉም ፈቃድ ይወጣል።

ጀማሪ_ሳይካትሪ (ደሴ)

ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳውስ? ገጠር አንድ ስልክ ለቤቱ ሁሉ ነው። ባይነሳስ?

ሲስተር_ሆጤ

ከመውጣቱ በፊት ይህን ራሱን ጠይቂው፦ «ሌላ ሰው ቢያነሳ ማን ነኝ ልበል?» አንዳንዱ «ከጤና ጣቢያ በይ» ይላል፣ አንዳንዱ «የአክስቴ ልጅ በይ»። ያለውን ደብተሩ ላይ ጻፊ። ሌላ ሰው ካነሳ ጤንነት ጠይቀሽ «ሲመጣ ይደውልልኝ» ብቻ በዪ፤ የክፍሉን ስም አትጥሪ። ገበያ ቀን ቀን ላይ አትደውዪ፤ ማታ ከብት ከገባ በኋላ ይነሳል።

ካነሳ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፦ እንዴት ነህ፣ እንቅልፍህ፣ መድኃኒቱ፣ ከዚያ ያው ቀጥታው ጥያቄ፦ «ራስህን የማጥፋት ሐሳቡ ተመልሶብሃል?» አዎ ካለ ስልኩን ሳትዘጊ አብሮት ማን እንዳለ ጠይቂ፣ ያን ሰው አገናኘኝ በዪ፣ ዛሬውኑ እንዲያመጡት አድርጊ።

ካልነሳ በዚያው ቀን በሌላ ሰዓት ሁለት ጊዜ ሞክሪ። በማግሥቱ ሁለተኛውን ስልክ። በሦስተኛው ቀን ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደውለሽ ቤቱ ድረስ እንድትሄድ ጠይቂ፤ ሲወጣ ይህን እንደምናደርግ ተነግሮት ፈቅዶ ስለወጣ አይከፋም። «አልተነሳም» ብሎ ጽፎ መዝጋት የለም፤ ያ መስመር ሰውየው እስኪገኝ ክፍት ሆኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል።